የዜማ መሣሪያን በገዛ እጅ ስለ መሥራት

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ስለ ጌጥና ስለ ልብስ ብቻ የተነገረ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ጠለቅ ብለን ብንመለከተው ለዜማ መሣሪያም የሚስማማ ሆኖ እናገኘዋለን። ዛሬ በወላይታ ሶዶም ሆነ በሌሎቹ የአገራችን ከተሞች በሠርግ ድንኳን፥ በአደባባይ በዓልና በመዝናኛ ቤት ዜማውን ተሸክሞ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ ኦርጋን ነው። ኦርጋኑም ከባሕር ማዶ ተሠርቶ፥ ተቃኝቶ፥ ምቱም ሳይቀር በውስጡ ተከማችቶ የመጣ ነው። ተጫዋቹ ቁልፍ ይነካል፤ የቀረውን መኪናው ይሠራል።

መሣሪያው ወደ አገራችን መግባቱን አንነቅፍም። ጥበብ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነውና ከየትም ቢመጣ የሚጠላ አይደለም። እኛን የሚያሳስበን መሣሪያው ሲገዛ በውስጡ ያለው የሌላ ሰው አሳብ ሳይመረመር አብሮ መገዛቱ ነው። ሠሪው ፋብሪካ አንዱን ኦክታቭ ለ12 እኩል ክፍሎች ይከፍለዋል፤ ከአንዱ ቁልፍ ወደሚቀጥለው ሲወጡ የአየሩ ንዝረት ሁልጊዜ 6 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ለአውሮፓ ሙዚቃ የተደረገ ስምምነት ነው። የእኛ ክራር መቺ ግን አውታሩን የሚቃኘው በጆሮው ነው። ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልን፥ አንቺ ሆዬን ሲቃኝ ድምፁን የሚያኖርበት ስፍራ ሁልጊዜ ከፋብሪካው ቁልፍ ላይ አይወድቅም። እርግጥ ነው፤ ዋጋቸው ከፍ ያሉት ኦርጋኖች ቅኝትን ለመለወጥ የሚያስችል ዘዴ አላቸው። ይሁን እንጂ በዘዴው ሊጠቀም የሚችለው የሚፈልገውን ቅኝት አስቀድሞ በጆሮው ያወቀ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ምቱም ብንናገር ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የወላይታ ምት ዛሬ የወላይታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው በአዲስ አበባ የሚኖሩ ዘፋኞች ቋንቋውን ሳይናገሩ ምቱን ተውሰው ሕዝብ ያስጨፍሩበታል። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ምቱ አንድ ጊዜ በመኪና ውስጥ ከተከማቸ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ይደገማል። ከበሮ መቺው እንደ ጨፋሪው ጉልበትና እንደ በዓሉ ሁኔታ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ነገር ከመኪናው ውጭ ይቀራል። በውጭ የቀረውን ነገር ፈልጎ የሚያስገባ የተማረ ወጣት ካልተገኘ ከጊዜ በኋላ መኖሩም ይረሳል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ቀላል አሳብ ለማቅረብ እንወዳለን። ይኸውም በወላይታ የሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ቤቱን ከመልቀቁ በፊት አንድ የኤሌክትሮኒክ ዜማ መሣሪያ በገዛ እጁ ሠርቶ በገዛ ጆሮው እንዲቃኝ ነው። አሳቡ ቅንጦት የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ነገሩን ግን ከሥሩ እንመልከተው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፥ ከተበላሸ ራዲዮ የወጣ ትንሽ ስፒከር፥ አንድ ሬዚስተር፥ ሁለት ካፓሲተሮች፥ ጥቂት ሽቦና 555 በመባል የሚታወቀው ባለ ስምንት እግር አይሲ ይበቃሉ። ይህን አይሲ በ1971 እ.ኤ.አ. የነደፈው ሐንስ ካመንዚንድ የተባለ የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ ሲሆን፥ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በገበያ ላይ ውሎ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ራዲዮና የእጅ ስልክ ከሚጠግኑት ወጣቶች ዘንድ ሄዶ የሚጠይቅ ተማሪ ስፒከሩንና ሽቦውን ከተጣለው ዕቃ መካከል ሊያገኝ ይችላል። ለመሣሪያው አካል ደግሞ ቅል ወይም የጣውላ ሣጥን ይበቃል፤ ቅል ድምፅን እንደሚያሳምር ከአባቶቻችን የተማርነው ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንግለጸው። ካፓሲተሩን እንደ እንስራ፥ ከባትሪው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ እንደ ውሃ፥ ሬዚስተሩንም ውሃው እንደሚያልፍበት ጠባብ አሸንዳ አድርገን እናስብ። በእንስራው ውስጥ ያለው ኃይል የባትሪውን ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ አይሲው ከፍቶ እስከ አንድ ሦስተኛ ያፈሰዋል፤ ከዚያም ዘግቶ እንደ ገና ያስሞላዋል። በእያንዳንዱ ዙር የስፒከሩ ወረቀት አንድ ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል። ይህ በሴኮንድ 440 ጊዜ ሲደጋገም ጆሮአችን የሚሰማው የሙዚቃ ሰዎች «ላ» የሚሉትን ድምፅ ነው። አሸንዳው ሲጠብ እንስራው ለመሙላትም ለመፍሰስም ስለሚዘገይ ድምፁ ይወፍራል፤ አሸንዳው ሲሰፋ ድምፁ ይቀጥናል።

ለመሥራት ለሚፈልግ አንባቢ አያያዙ እነሆ። የአይሲው 1ኛ እግር ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር፥ 8ኛውና 4ኛው ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛሉ። 2ኛውና 6ኛው እርስ በርሳቸው ተገናኝተው በ0.01 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ወደ ነጌቲቩ ይወርዳሉ። ባለ 1 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ከ8ኛው እግር ወደ 7ኛው ይገባል። ከ3ኛው እግር የሚነሣው ሽቦ በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል አልፎ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል፤ የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ጫፍ ወደ አይሲው ይሁን። የስፒከሩ ሌላ ጫፍ ወደ ነጌቲቩ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ በ7ኛውና በ6ኛው እግር መካከል አንድ ክፍት ቦታ ይቀራል። የመሣሪያው ልብ ይህ ክፍት ቦታ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ መሣሪያው የሚሠራው በባትሪ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር ማንም ሊያገናኘው አይገባም። ብየዳውም አየር በሚገባበት ክፍል ይደረግ፤ ጭሱ ለሳምባ አይበጅምና።

በክፍቱ ቦታ የሚገባው ከገበያ የተገዛ ሬዚስተር አይደለም። በወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ደጋግሞ የተሰመረ ወፍራም ጥቁር መስመር ነው። የእርሳስ ፍሬ ግራፋይት ስላለበት ኤሌክትሪክን ያሳልፋል፤ መስመሩ በረዘመ ቁጥር ግን ማገዱ ይጨምራል። የመስመሩን አንድ ጫፍ ከ7ኛው እግር ጋር አስረን፥ ከ6ኛው የሚመጣውን ሽቦ ጫፍ በእጃችን ይዘን በመስመሩ ላይ ብናንሸራትተው ድምፁ እንደ ማሲንቆ ሲወጣና ሲወርድ ይሰማል። የተነካው መስመር ልኩ 100 ኪሎ ኦም ሲሆን ስፒከሩ በሴኮንድ 716 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ 200 ኪሎ ኦም ሲሆን 359 ጊዜ ያህል ይሆናል። እንግዲህ መስመሩ እጥፍ ሲሆን ንዝረቱ በግማሽ ይወርዳል፤ ይህም አንድ ኦክታቭ ማለት ነው። የማሲንቆ ተጫዋችም ጭራውን በጣቱ ሲያሳጥርና ሲያስረዝም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። ተማሪው ስለ ኦም ሕግና ስለ ንዝረት በቃሉ ያጠናውን እዚህ በጣቱ ይዳስሰዋል፤ በጆሮውም ይሰማዋል።

የእርሳሱ መስመር ቁልፍ የለውም። «ዶ» እዚህ ነው፥ «ሬ» እዚያ ነው ብሎ የሚነግር ምልክት የለበትም። ተማሪው መሣሪያውን ሠርቶ ሲጨርስ ድምፅ ያገኛል እንጂ ዜማ አያገኝም። ዜማ ለማግኘት አምስቱን ድምፆች የት ላይ ማስቀመጥ እንዳለበት ራሱ መወሰን አለበት። የተገዛው ኦርጋን መልሱን ይዞ ይመጣል፤ በእጅ የተሠራው መሣሪያ ግን ተማሪውን ይጠይቀዋል። ይህ ጉድለቱ ነው የሚል ቢኖር፥ እኛ በበኩላችን ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው እንላለን።

ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ማን ነው? መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም። ተማሪው መሣሪያውን በጉያው ይዞ ወደ አያቱ ወይም ወደ ጎረቤት ሽማግሌ መሄድ አለበት። «አባባ፥ በጊፋታ ጊዜ የሚዘፈነውን እስቲ ያዚሙልኝ» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌው ሲያዜሙ እርሱ ሽቦውን በመስመሩ ላይ እያንሸራተተ ድምፃቸውን ይፈልጋል፤ ሲገጥምለት በቦታው ላይ ነጥብ ያደርጋል። ሽማግሌው «አይደለም፤ ትንሽ ወረድ አድርገው» ይሉታል፤ እርሱም ያርማል። አምስት ነጥቦች ሲሞሉ ከዜማ ባለቤት የተማረው ቅኝት በወረቀት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። የእያንዳንዱን ነጥብ ንዝረት ደግሞ በእጅ ስልክ መለካት ይቻላል። ተማሪው ቁጥሮቹን፥ የቀበሌውን ስም፥ የዘፈኑን ዓይነትና ቀኑን በደብተሩ ላይ ይጽፋል። መቶ ተማሪዎች ይህን ቢያደርጉ መቶ የቅኝት መዝገብ ይኖረናል። ቅኝቱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ለዘላለም አብረውን የሚኖሩ አይደሉምና ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

ከአንድ መሣሪያ አልፎ በኅብረት መጫወትም ይቻላል። 40106 የሚባል ሌላ አይሲ በአንድ ገላ ውስጥ ስድስት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ሲሰጠው ራሱን የቻለ ድምፅ ያወጣል። ስድስት ተማሪዎች በአንዱ አይሲ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አንድ ድምፅ ብቻ ሊይዙ ይችላሉ። ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜኑ ክፍል እንቢልታ የሚነፉት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ አላቸው፤ ዜማው የሚሞላው ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ ነው። በወላይታም ዲንኪያ በኅብረት ሲነፋ የሰማ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እዚህ በጆሮ የሚሰማ ይሆናል፤ ተራውን ያልጠበቀ ተማሪ የሁሉንም ዜማ ያበላሻልና።

«ይህ የልጆች መጫወቻ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ለእነርሱ የምንሰጠው መልስ በታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሌቭ ቴርሜን የተባለው የሩሲያ ተወላጅ በ1920 እ.ኤ.አ. ገደማ እጅ ሳይነካው የሚጫወት የኤሌክትሪክ ዜማ መሣሪያ ሠራ፤ በስሙም ቴርሚን ተባለ። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ ገና ወጣት ተማሪ ሳለ ይህንኑ ቴርሚን በቤቱ ውስጥ ሠርቶ ነበር። ያ ልጅ አድጎ በ1964 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚጠራውን የታወቀ ሲንተሳይዘር ለዓለም አቀረበ። የእኛው ኃይሉ መርጊያም በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የአገራቸውን የቆየ ዜማ በአኮርዲዮን ሲቀዱ ካጀቡበት ዕቃ አንዱ የሙግ መሣሪያ ነበር። ሥራው ከ28 ዓመታት በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ታትሞ በብዙ አገር ተደምጧል። እንግዲህ በአንድ ተማሪ ቤት የተጀመረው ሥራ የእኛን ዜማ እስከ ማጀብ ደርሷል። ሌላው ዓለም ከመጫወቻ ጀምሮ ፋብሪካ ላይ የደረሰ ሲሆን፥ እኛ ከፋብሪካው ዕቃ ጀምረን ወደ መጫወቻው ለመውረድ የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሌሎች ደግሞ «ኤሌክትሪክ ባህልን ያጠፋል» ይላሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ነገር ላይ ልናስታውሰው የሚገባ አንድ ሰው አለ። ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 እ.ኤ.አ. በካይሮ የዛር ሥርዓት ዜማን በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ ድምፁን በመሣሪያ እየለዋወጠ አዲስ ድርሰት አወጣ፤ በዚህም በዓለም ላይ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀዳሚዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። እኚህ ሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እዚህ ሳሉ ያቋቋሙት ግን የኤሌክትሪክ ጓድ አልነበረም፤ ክራርን፥ ማሲንቆን፥ ዋሽንትንና እንቢልታን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ነው። የኤሌክትሪክን ጥበብ የሚያውቅ ሰው ክራርን ለማክበር አልተቸገረም። ሙላቱ አስታጥቄም ክራርን ለማሻሻል ከባሕር ማዶ ሊቃውንት ጋር ደክመዋል። ባህልን የሚያጠፋው ሽቦው አይደለም፤ ሽቦውን የያዘው ሰው ባህሉን አለማወቁ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው መሰናክል ግን ሌላ ነው፤ እርሱም እጅን መናቅ ነው። በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቆዳ ፋቂው ለረጅም ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ማረሻውን የሚሠራው፥ ድስቱን የምትሠራው፥ የከበሮውን ቆዳ የሚያለፋው እነርሱ ሆነው ሳለ ጋብቻ ተነፍገዋል፤ አዝማሪውም ቢሆን የተጨበጨበለትን ያህል አልተከበረም። ሕጉ ዛሬ ሰውን ሁሉ እኩል ያደርጋል፤ ልማዱ ግን ልብሱን ለውጦ በመካከላችን ይዞራል። ልጁ ዲግሪ ከያዘ በኋላ ካውያና ሊድ ይዞ ቢታይ «ለዚህ ነው የተማርኸው?» የሚለው ዘመድ ብዙ ነው። ስለዚህም የሬዚስተርን ሒሳብ በሦስት መንገድ የሚያወጣ፥ ሬዚስተሩን ግን በእጁ ይዞ የማያውቅ ተመራቂ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣቶችን ወደ ኮምፒዩተር ትምህርት ጠርቷል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የሚጻፈው ትእዛዝ ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሰው ከአንድ ሽቦና ከአንድ አይሲ ላይ ነውና፥ ጣት ከቁልፉ አልፎ ሽቦውንም ሊለምድ ይገባል።

አሁን ወደ ወጣት ሹማምንት እንመለስ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር ማእከል ሆናለች። በየቢሮው የተቀመጡት ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ብዙ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ከእነርሱ የምንጠይቀው ትልቅ ሕንፃና ብዙ ገንዘብ አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ጠረጴዛ፥ አራት ካውያዎች፥ አንድ የቮልትና የኦም መለኪያ፥ የተበላሹ ራዲዮዎች የሚጠራቀሙበት አንድ መደርደሪያና በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን አቧራ የለበሰውን የተበላሸ ዕቃ በሥርዓት መዝግቦ ለትምህርት ቤት ማስተላለፍም የአንድ ደብዳቤ ሥራ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎቹን በየትምህርት ቤቱ አስተማሪ አድርጎ ቢልክ፥ ለላኪውም ለተቀባዩም ጥቅም ይኖረዋል። ራዲዮ ጠጋኙም ከገበያ ተጠርቶ በክፍል ውስጥ ብየዳ ቢያስተምር፥ ዲግሪ ስለሌለው የሚያንስበት ነገር የለም።

ከዚያም በመስከረም ጊፋታ ሲመጣ ተማሪዎቹ የሠሩትን መሣሪያ ይዘው በሶዶ አደባባይ ይሰለፉ። ዳኞቹ ግን የቢሮ ሰዎች አይሁኑ፤ ዲንኪያ የሚነፉት፥ ከበሮ የሚመቱትና ዜማውን ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ሰዎች ይሁኑ። ሽልማቱ የሚሰጠው ሣጥኑን አሳምሮ ለቀባው ወይም ድምፁን አብዝቶ ላጮኸው መሆን የለበትም። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው «ይህ የእኛ ነው» ላሉት ተማሪ ይሁን።

ወጣቶች ሆይ፥ የዳሞታ ተራራ ሥር ተቀምጣችሁ የዓለምን ሙዚቃ በእጅ ስልካችሁ ትሰማላችሁ፤ መስማቱ መልካም ነው። ነገር ግን ዓለም ከእናንተ የሚጠብቀው የራሱን ድምፅ መልሳችሁ እንድትልኩለት አይደለም። አንድ ባትሪ፥ አንድ አይሲና አንድ እርሳስ ፈልጉ። መስመሩን አስምሩ። ነጥቡን የት እንደምታኖሩ ለማወቅ ደግሞ የሚያውቁትን ጠይቁ፤ የሚያውቁት ገና በመካከላችሁ ሳሉ ጠይቁ።